ከደረጃው ሆድ ሥር

አጎቴ ሐይቅ ከተማ ውስጥ፣ ከታች ሱቅ ከላይ አዳራሽ ያለው ቤት አላቸው። የልጃቸው ኒካሕ ሲቃረብ ግንባታ ላይ ወደምሠራበት ወደ ደሴ ደወሉልኝ።

«ከደረጃው ሥር ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አለች። ያንን የምትለጥፉትን ጨርቅ ይዘሽ ነይ» አሉኝ።

ጨርቅ ያሉት ከአርማታ ሥር በጠንካራ ማጣበቂያ የሚለጠፈውን የካርቦን ጨርቅ ነው። በደንብ ከያዘ ብረት የሚሸከመውን ይሸከማል።

ሄጄ የደረጃውን ሆድ በመዶሻ ስነካው ድምፁ ባዶ ነበር። ልስኑን ሳስነሳ ስንጥቋ ጣቴን አስገባች። ውስጡ ያለው ፌሮ ዝጎ ተልጧል። ለሙከራ ትንሽ ቁራጭ ለጠፍኩ። ማጣበቂያው ደርቆ ስስበው፣ ጨርቁ የአርማታውን ቆዳ ይዞ እጄ ላይ ቀረ።

«የሚይዘው ነገር የለም። መፍረስ አለበት፤ እስከዚያ ማንም አይውጣ» አልኳቸው።

«እንግዳ ጠርቼ? ስንት ዘመን የወጣንበት ደረጃ ዛሬ ምን ነካው?»

«ዛሬ አይደለም የነካው፣ አጎቴ።»

ፊታቸውን አጠቆሩብኝ፤ ቢሆንም ድግሱ ግቢው ውስጥ በተጣለ ዳስ ሆነ። እኔም ደረጃውን ከሥር በባሕር ዛፍ አስደግፌ መግቢያውን በገመድ አሰርኩት።

በሠርጉ ቀን ሼሁ ዱዓ እያደረጉ ሳለ፣ ከቤቱ በኩል እንጨት ሲሰነጠቅ ሰማሁ። ሮጬ ስደርስ ገመዱ ተፈቷል። አጎቴ ወንበር ጎደለ ብለው አዳራሽ ወጥተው ኖሯል፤ ወንበር አንጠልጥለው ከላይ ብቅ አሉ።

«አጎቴ፣ እንዳይወርዱ! እዚያው ይቁሙ!»

«ደግሞ ምን ሆንሽ?» ብለው አንድ እግራቸውን አሳረፉ።

ከሥር አቧራ ቦነነ። አንዱ ድጋፍ ቀስ እያለ ሲጎብጥ አየሁት። እሳቸውም ከእግራቸው ሥር ሳይሰማቸው አልቀረም፤ እግራቸውን ሰብስበው ወደ ኋላ ተመለሱ። «ያ አላህ» ሲሉ ከንፈራቸው ብቻ ተንቀሳቀሰ።

ጎረቤቶች መሰላል አምጥተው በመስኮት አወረዷቸው። እግራቸው መሬት ከመንካቱ ደረጃው ከወገቡ ተቆርጦ ወደቀ። 

የወደቀውን ክፍል ጠርገን እንደ አዲስ በአርማታ ሞላነው። አርማታው ጤነኛ ሆኖ የተገኘውን የላይኛውን ክፍል ደግሞ በካርቦን ጨርቁ አጠናከርነው፤ እስካሁን ይዟል።

አጎቴ ግን አይወጡበትም። አዳራሹን የተከራዩ ሰዎች ተያይዘው ሲመጡ ከሱቃቸው ብቅ ይላሉ። «ተራ በተራ» ይሏቸዋል፤ ከዚያ የመጨረሻው ሰው እስኪገባ አንገታቸውን ቀና አድርገው ያዳምጣሉ።