የመረብ ክር ማንገቻ

ዶርካስ ቡርደን ጡት ማስያዣ የሚባል ነገር ገላዋን የነካው በሃያ ሰባት ዓመቷ ነው። በእኛ መንደር፣ በኒውፋውንድላንድ ደሴት ዳር ካሉት የዓሣ አጥማጅ መንደሮች በአንዱ፣ ሴት ልጅ ከውስጥ የምትለብሰው እናቷ ከዱቄት ጆንያ የሰፋችላትን ሰፊ ልብስ ነበር፤ ክረምት ሲሆን ደግሞ ከላዩ የሱፍ ሹራብ። ዓሣ ስትሰነጥቂና ጨው ስትነሰንሺ ማን ያይሻል?

ባሏ ባሕር ላይ በቀረ በዓመቱ ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ወዳለው ትንሽ ሆስፒታል መጣች፤ የነርስ ረዳት ልትሆን። የሙከራ ጊዜዋ አንድ ወር ነው። ካላለፈች ወደ ባሏ ወንድም ቤት ተመልሳ የእሱን ዓሣ ስታደርቅ፣ የሚስቱን ፊት ስታይ መኖሯ ነው። እኔ ያኔ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነው፤ እዚያው ሆስፒታል ልብስ አጥብ ነበር። የአንድ መንደር ልጆች ስለሆንን ከጓሮ ባለው የሠራተኞች ቤት አንድ ክፍል ሰጡን።

ሥራ በጀመረች በሦስተኛው ቀን ዋና ነርሷ ሚስ ትራስክ አስጠሯት። ስትመለስ እስከ ጆሮዋ ቀልታለች።

«ምን አሉሽ?»

«ጎንበስ ስትዪ ወንዶቹ መድኃኒታቸውን መዋጥ ይረሳሉ አሉኝ።»

ከት ብዬ ሳቅሁ።

«አትሳቂ አንቺ! ሁለተኛ ያለ ጡት ማስያዣ ዎርድ ውስጥ እንዳላይሽ ነው ያሉኝ።»

ልኳን በክር ለክተን ከካታሎግ አዘዝን። ሐሙስ ሐሙስ በምትመጣው መርከብ መጣ፤ አንድ፣ ነጭ፣ እንደ ማንቆርቆሪያ ክዳን የሾለ። መንጠቆውን ከኋላ ማግኘት አቃታት። እጇን ጀርባዋ ላይ አጣምራ ክፍሏን ትዞራለች፣ ላቧ ይንቆረቆራል። በኋላ ከፊት ቆልፋ ማዞርን ራሷ ደረሰችበት።

«የአባቴ ፈረስ ይቅርታ ሳልጠይቀው ሞተ» ትለኝ ነበር፣ ማንገቻውን እየጎተተች። «በየቀኑ ስጭነው ለካ እንዲህ ነበር የሚሆነው።»

ከሌላው ሰው ቀድማ እየተነሳች ትለማመድ ጀመር። ባልዲ ታነሳለች፣ ጎንበስ ትላለች፣ ከላይኛው መደርደሪያ ፎጣ ታወርዳለች። በመጨረሻው ሳምንት ማንገቻውን ሳትጎትት ግማሽ ቀን መዋል ቻለች። «ለመድኩት መሰለኝ» አለችኝ፣ እንደ ማፈር ብላ።

ቅዳሜ ዕለት ደክሟት ተኝታ ሳለ ደግ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ጡት ማስያዣውን አንስቼ ወሰድኩላት። በእኛ አገር ነጭ ልብስ ይቀቀላል። ያልተቀቀለ ነጭ ገመድ ላይ የሰቀለች ሴት ስሟ በመንደሩ ሲነሳ ይከርማል። ከአንሶላው ጋር በትልቁ ድስት፣ ከኮስቲክ ሶዳ ጋር፣ የፈላው ውሃ ውስጥ ጨመርኩት። በዱላ ሳወጣው ላስቲኩ እንደ ባሕር አረም ተዝለፍልፏል።

ወስጄ ለዶርካስ አሳየኋት። ማንገቻውን በሁለት እጇ ለጠጠችው፤ እንደተለጠጠ ቀረ።

«ሰኞ» አለች ብቻ።

ሰኞ ሐኪሙና ሚስ ትራስክ አይተው የሚወስኑባት ቀን ነው። መርከቧ የምትመጣው ሐሙስ።

«ከነርሶቹ እንዋስ?» አልኳት እያለቀስኩ።

«ከየትኞቹ? እንደ ደረቀ ዓሣ ከከሱት?»

የወንዶቹ ዎርድ ውስጥ አጎቴ ናትናኤል ነበሩ፣ የመንደራችን ሰው፤ እግራቸው ተሰብሮ ተኝተው፣ ጊዜ እንዲያልፍላቸው አልጋ ላይ መረብ ይሠራሉ። እሁድ ከሰዓት ዶርካስ ሄዳ አጠገባቸው ቆመች።

«አጎቴ፣ ክርና የመረብ መርፌ ያውሱኝ።»

«በሰንበት?»

«በሰንበት።»

«ልጄ፣ እናትሽ በሰንበት ክር የነካችበትን ቀን አላውቅም። ለየትኛው ዓሣ ነው?»

«ነገ ለሚመጣው።»

ፊቷን አዩት። ከትራሳቸው ሥር አወጡና ሰጧት። «ቋጠሮውን አጥብቂው እንግዲህ። የሰንበት ቋጠሮ ሲፈታ እግዜርም ሰውም ይስቃል።»

ዶርካስ መረብ መሥራት የጀመረችው በሰባት ዓመቷ ነው። በሯን ዘግታ፣ ጣት በማያስገባ ጠባብ ዓይን፣ ጀርባውንና ሁለቱን ማንገቻ ከክር ሠርታ ካልተበላሸው የፊት ጨርቅ ጋር አያያዘቻቸው። ሰኞ ጠዋት እኔ ከኋላ ቋጠርኩላት።

«ትተነፍሻለሽ?»

«ትንሽ ትንሽ።»

የመረብ ክር አይለጠጥም። የተሠራው እንዲህ እንዲሆን ነው።

ሐኪሙ የገቡት ሦስት ሰዓት ላይ ነበር። አንሶላ ታቅፌ በሩ ላይ ቀረሁ። አንዲት ከባድ ሴት ከቀዶ ጥገና በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ከአልጋ ወደ ወንበር ትወርዳለች፤ ዶርካስ በብብቷ ይዛ አነሳቻት። ግማሽ መንገድ ላይ ሴትዮዋን ጉልበቷ ከዳት። ክብደቷ በሙሉ ዶርካስ ላይ ወደቀ። ዶርካስ አየር ልትስብ ሞከረች፣ ደረቷ አልሰፋላትም፤ ከንፈሯ ሲጠቁር አየሁ። ነጩ የሥራ ልብሷ ላይ፣ ትከሻዋ ጋ፣ ቀይ መስመር ቀስ ብሎ ወጣ። አልለቀቀቻትም። ወንበሩ ላይ አስቀምጣ፣ ብርድ ልብሱን ጉልበቷ ላይ አስተካክላ ነው ቀና ያለችው።

ሐኪሙ «ጥሩ» ብለው አለፉ። ሚስ ትራስክ አላለፉም።

«ዶርካስ፣ ወደ አንሶላ ክፍል።» ከዚያ እኔን ሲያዩኝ፣ «አንቺም።»

የልብሷን ቁልፍ ራሳቸው ፈቱት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«መረብ ነው፣ ሚስ ትራስክ።»

«መረብ መሆኑን አያለሁ!»

«እኔ ነኝ የቀቀልኩት» አልኩ።

«ምኑን?»

«እኛ ነጩን ሁሉ እንቀቅላለን።»

ነገሩ ገባቸው። መቀስ አነሱ። ክሩን ሊቆርጡ ሲሉ ዶርካስ እጃቸውን ያዘች፤ የዋና ነርሷን እጅ!

«አይቁረጡብኝ። እስከ ሐሙስ ያስፈልገኛል።»

እንዲያ እንደተያያዙ ትንሽ ቆሙ። ከዚያ ሚስ ትራስክ መቀሱን አስቀመጡ፤ ቋጠሮውን በጥፍራቸው አላልተው፣ ቁስሉን ጠርገው፣ ከክሩ ሥር ጥጥ አስገቡላት።

«ከሐሙስ በኋላም እዚሁ ነሽ» አሉ፣ ቀና ሳይሉ። «ሁለት እዘዢ። አንቺ ደግሞ አንዱንም እንዳትነኪ።»

ሠላሳ አንድ ዓመት እዚያ ሠራች። በስተርጅና ያለ ጡት ማስያዣ በር አትከፍትም ነበር፤ እኔ እንኳ ሳንኳኳ «ቆይ፣ ልታጠቅ!» ትለኛለች።

ያለፈው ጸደይ ስትሞት ያጠብኳት እኔ ነኝ። ትከሻዋ ላይ ያቺ ቀጭን መስመር አለች፣ ነጥታ። የእህቷ ልጅ ቬርና የልብሱን ክምር ስታቀብለኝ ነጩን ጡት ማስያዣ አየችው።

«ይሄ ደግሞ ለምኗ ነው? አሁንስ ትረፍ እንጂ።»

ተቀብዬ በሁለት እጄ ለጠጥኩት። ተለጥጦ ተመለሰ።

«ያዢልኝ፣ ቀና አድርጊያት» አልኳት። ከኋላ፣ በመጨረሻው፣ በሚላላው መንጠቆ ቆለፍኩላት።