ከአምስት በላይ አልቆጥርም

አክስቴ ወይዘሮ ዘነበች ከአስመራ ለልጇ ለታደሰ የጻፈችው ደብዳቤ ደሴ ሲደርስ፣ ፖስታው አንድ ጊዜ ተከፍቶ እንደገና የታሸገ ይመስል ነበር። ታደሰ በጠቅላይ ግዛቱ ጽሕፈት ቤት ሹም ነው፤ በዚያ ሰሞን ደግሞ ከፍ ላለ ሹመት ስሙ ቀርቦለት ነበር። እናቱ ግን እንዲህ ብላ ጻፈችለት፦ «ልጄ፣ ስለ ሹመቱ አትድከም። ለጥቅምት መድኃኔዓለም ጠቅላይ ግዛትም፣ ጠቅላይ ገዢም አይኖርም። ይልቅ ንስሐ ግባ።»

ታደሰ ደብዳቤውን ደጋግሞ አንብቦ ምድጃ ውስጥ ከተተውና እኔን አስጠራኝ።

«አስፋው፣ አስመራ ትሄዳለህ። እናቴን ይዘህልኝ ትመጣለህ። አልመጣም ካለች አፏን ታስይዝልኛለህ።»

«እትዬ ዘነበችን? ባሏ ሻለቃው እንኳ ያልቻሉትን?»

«አንተ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነህ፤ ስትናገር ሰው ይሰማሃል።»

ሰው የሚሰማኝ ቀጠሮ ስነግረው ብቻ መሆኑን አልነገርኩትም። ፈቃድ ወሰድኩና ስንቄን ቋጠርኩ።

ማክሰኞ፣ ከደሴ እስከ ማይጨው

አውቶቡሱ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ይነሳል ተብሎ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ተነሳ። ከጎኔ የተቀመጡት አንድ ቄስ ነበሩ፤ ጭናቸው ላይ የማር ቅል ይዘዋል። እስከ ወልድያ ስለ ማሩ፣ እስከ አላማጣ ስለ ሙቀቱ ተጨዋወትን። ከአላማጣ ወደ ኮረም የሚያወጣው ዳገት ላይ ስንደርስ ግን ጨዋታው ቆመ። መንገዱ እንደ እባብ ይጠማዘዛል፤ በመስኮት ስመለከት ጎማው ዳር ሳይሆን አየር ላይ ያለ መሰለኝ። ቄሱ ቅላቸውን ለእኔ አስያዙና መስቀላቸውን አውጥተው ተሳፋሪውን በሙሉ ባንድ ጊዜ ናዘዙት። ሾፌሩም እጁን ከመሪው አንስቶ ሊሳለም ሲል ሕዝቡ «አንተ ይቅርብህ!» ብሎ ጮኸበት። የዓለም ፍጻሜ ከአክስቴ ቀጠሮ በፊት የደረሰ መሰለኝ። ማይጨው ገብተን ስናድር እጄ እስከ ክርኔ ማር ነበር።

ረቡዕና ሐሙስ፣ በአዲግራት ወደ አስመራ

በማግሥቱ አላጄን ተሻግረን፣ መቀሌ ምሳ በልተን አዲግራት አደርን። እዚያ ጥሕሎ ቀረበልኝ፤ የገብስ ሊጥ ድብልብል ጫፉ መንታ በሆነ እንጨት ወግተው ወጥ ውስጥ እየነከሩ የሚበሉት ነው። የመጀመሪያውን ወጥ ውስጥ ጣልኩት፤ ሁለተኛውን እጀ ጠባቤ ላይ። ባለቤቷ አዘነችልኝና በማንኪያ ሰጠችኝ።

ሐሙስ በሰንዓፈ፣ በዓዲ ቀይሕና በደቀምሐረ አድርገን ከሰዓት በኋላ አስመራ ገባን። ብርዱ የደሴን ያህል ነው፤ ሰማዩ ግን ታጥቦ የተሰጣ ይመስላል። ፌርማታው ላይ የቆመ አንድ ሰው አክስቴ የምትኖርበት ገጀረት ሰፈር የት እንደሆነ ስጠይቀው ብስክሌቱን ለሌላ ሰው አስይዞ፣ መንገድ ተሻግሮ የፈረስ ጋሪ ጠራልኝና «ሃምሳ ሳንቲም ብቻ ስጠው፤ ካስጨመረህ ጣልያንኛ ተናገር» ብሎኝ ሄደ። እኔ ከጣልያንኛ የማውቀው «ባስታ» የምትለዋን ብቻ ነበር። እሷው በቃችኝ።

አክስቴ የምትኖረው አንዲት አሮጊት ጣልያናዊት ከምታከራየው ቪላ ጀርባ፣ ሁለት ክፍል ውስጥ ነው። በሩን ስገፋ ቤቱ ባዶ ነው። አልጋ የለ፣ ሬዲዮ የለ፣ ሻለቃው ያስገዙት ባለ መስታወት ቁም ሳጥን የለ። አክስቴ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። በአንዲቱ በተረፈችው ወንበር ላይ ደግሞ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ያደረጉ ሽማግሌ ነጭ ቀሚስ ይሰፋሉ።

«አስፋው! እንኳን በሰዓቱ ደረስክ። ስድስት ቀን ነው የቀረን» አለችኝና አገላብጣ ሳመችኝ።

«ዕቃሽ የት ሄደ እትዬ?»

«አደልኩታ። ልብስ ሳጥን ይዤ ወደ ሰማይ ልነሣ ነው?»

ሽማግሌው አቦይ ሀብተዝጊ ይባላሉ፤ ቃሓውታ በሚባል ሰፈር የሚኖሩ ልብስ ሰፊ ናቸው። ለጣልያን ካራቢኔሪ፣ ለእንግሊዝ ፖሊስ፣ ለፌዴሬሽኑ ፖሊስ፣ አሁን ደግሞ ለጃንሆይ ፖሊስ ልብስ የሰፉት እሳቸው ናቸው። ማኪናውም መቀሱም አንድ ነው፤ የሚለወጠው አዝራሩ ብቻ ነው አሉኝ።

ማታ አቦይ ከሄዱ በኋላ ታደሰ የላከኝን ነገር አነሳሁ። አክስቴ ምስሯን እያማሰለች አዳመጠችኝ።

«ሻለቃው ካረፈ ወዲህ፣» አለች በመጨረሻ፣ «የሹማምንቱ ሚስቶች ጡረተኛ ብለው ተዉኝ። የከተማው ሰው ደግሞ የሻለቃ ሚስት ብሎ ይሸሸኛል። ሰላምታዬን የሚመልስልኝ አይጠፋም፤ የሚከራከረኝ ግን አጣሁ። አቦይ ሀብተዝጊ ይህን ቀሚስ ሊለኩኝ መጥተው ‹ለምንድን ነው ነጭ?› አሉኝ። ነገርኳቸው። ‹ኣይፋልን፣ ተሳስተሻል› አሉኝ። ደስታዬን ብታይ!»

ዓርብ፣ ከሻይ ቤት ወደ ጣቢያ

በማግሥቱ ሦስታችንም መንገዱ ማዶ ወዳለችው የአህመድ ሻይ ቤት ሄድን። አህመድ የወሎ ሰው ነው፤ የአገሩ ልጅ ስለሆንኩ ሻሂዬን በላይ በላዩ ይቀዳልኛል። ሁለቱ አዛውንት ገና ሳይቀመጡ ክርክራቸውን ጀመሩ።

አቦይ ባዶ ብርጭቆዎችን ሰብስበው ደረደሩ። «መጽሐፍ ቅዱስ ሰባት ነገሥታት ይላል። አምስቱ አልፈዋል፣ አንዱ አለ፣ አንዱ ይመጣል። ርአዪ ሓፍተይ፣ ተመልከቺ እህቴ።» አንድ ባንድ እየደፉ ቆጠሩ። «ቱርኪ፣ አለፈ። ግብጺ፣ አለፈ። ጣልያን። እንግሊዝ። ፌደሬሽን።»

«ፌዴሬሽን ደግሞ ንጉሥ ነው እንዴ?» አለች አክስቴ።

«ባንዴራ ነበረው፣ ማኅተም ነበረው፣ ፖሊስ ነበረው። ልብስ ያሰፋ ሁሉ መንግሥት ነው።» ከዚያም ሻሂ የሞላውን የራሳቸውን ብርጭቆ ከተደፉት ጎን አቆሙ። «ይኸው፣ ያለው።»

«ሰባተኛውስ?» አልኩ፣ ሳላስበው።

«ገና አልታዘዘም» አሉ አቦይ።

አክስቴ ጠረጴዛውን መታች። «ያለውማ አይደፋም! ጃንሆይ ዘውዳቸውን በገዛ እጃቸው አውልቀው ለጌታ ያስረክባሉ። ጥቅምት ሃያ ሰባት። ቀን ቆርጬ ነው የምነግርዎት!»

ይህን ያለችው ጮክ ብላ ነው። ጥግ ላይ ጋዜጣ የያዘ ሰው ነበር፤ ከገባን ጀምሮ ገጽ አልገለጠም። አሁን አጠፈውና ወጣ። አህመድ «እትዬ፣ ሻሂው ይቀዝቅዝባችሁ፤ ሂዱ» አለ። ከመነሳታችን ሁለት ፖሊሶች ገቡ። አንደኛው እኛን ያዘ፤ ሌላው፣ አንድ የአስመራ ሃምሳ አለቃ፣ ስድስቱን ብርጭቆዎች እንደተደረደሩ በሻሂ ማቅረቢያ ሰርቪስ ላይ አድርጎ አነሳ። ሻሂው እንዳይፈስ እየተጠነቀቀ መንገዱን ሁሉ በዝግታ ሄደ። እኛም ከኋላው። አህመድም «ብርጭቆዎቼ!» እያለ ከኋላችን። አላፊ አግዳሚው ለጣቢያው አዛዥ ለሻምበሉ ሻይ የሚወስድ ሰልፍ መስሎት መንገድ ይለቅ ነበር።

ሻምበሉ ወፍራም፣ የደከመው ሰው ነው። ሰርቪሱ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ። ነገሩን ከሰማ በኋላ ፊቱ ጠቆረ።

«አባት፣ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ወደ ላይ ይላካሉ።»

ወደ ላይ የተላከ ሰው ቶሎ እንደማይመለስ እኔም ደሴ ሆኜ አውቃለሁ። አቦይ መነጽራቸውን አውልቀው ኪሳቸው ከተቱ። ይህን ጊዜ አክስቴ ወደ ፊት ወጣች።

«ቆጣሪዋ እኔ ነኝ። እሳቸው አማርኛቸው አይሞላም፤ ያስጠናኋቸው እኔ ነኝ። የምትልክ ከሆነ እኔን ላክ።»

«ኣይፋልን! እኔ ነኝ የቆጠርኩት» አሉ አቦይ ተቆጥተው። «እሷ መቁጠር አትችልም። እሷ ያስረክባሉ ነው የምትል።»

«ታዲያ ይወድቃሉና ያስረክባሉ ልዩነቱ ምንድን ነው?» አለ ሻምበሉ።

«ጨዋነት ነዋ!» አለች አክስቴ።

ሻምበሉ ግንባሩን አሸ። እያሰበ እጁን ዘረጋና፣ ከፊቱ ካገኘው ሰርቪስ ላይ ሙሉውን ብርጭቆ አንስቶ ጠጣ። የቀዘቀዘ ስለሆነ ባንድ ትንፋሽ ጨረሰውና ባዶውን ከሌሎቹ አጠገብ ደፋው።

ሃምሳ አለቃው ጣራ ጣራ ያያል። አቦይ አፋቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ።

«ምንድን ነው?» አለ ሻምበሉ።

«ጌታዬ፣» አለ ሃምሳ አለቃው፣ «ኤግዚቢቱን ጠጡት። እሱ... ያለው ነበር።»

ሻምበሉ ብርጭቆዎቹን ቆጠረ፤ ስድስት፣ ሁሉም የተደፉ። ጸሐፊውን ጠርቶ «በል ጻፍ» አለው። ጸሐፊው ብዕሩን አንስቶ ትንሽ ቆየና መልሶ አስቀመጠው። «ጌታዬ፣ ይህንን በእኔ የእጅ ጽሑፍ? ልጆች አሉኝ።» ሃምሳ አለቃው ከመጠየቁ በፊት አማርኛ መጻፍ አልችልም አለ።

ሻምበሉ ወደ እኔ ዞረ። «አንተ ማነህ?»

«የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነኝ፣ ከደሴ።»

ያን ቀን ሥራዬን ረገምኩት። ወረቀቱን ሰጠኝ። ጻፍኩ፦ ‹ተጠርጣሪው ብርጭቆ ደርድረው...› ቆምኩ። «ጌታዬ፣ ስድስተኛው ማን ነበር ብዬ ልጻፍ?»

«አትጻፈው!»

«ማን ጠጣው ልበል?»

«እሱንማ ጨርሶ!»

«እንግዲያው አምስት ብርጭቆ ነው የነበረው» አልኩ። «አምስቱ ደግሞ ያለፉ ናቸው። ስላለፈ መንግሥት መናገር የሚከለክል አንቀጽ እስካሁን አላየሁም።»

ሻምበሉ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ሰው አየኝ። በሩብ ሰዓት ውስጥ ወረቀቱ አለቀ፦ ነገሩ በሁለት አዛውንት መካከል በሒሳብ የተነሳ አለመግባባት ሆኖ ተገኘ፤ ሁለቱም ከዛሬ ጀምሮ በሕዝብ ፊት ከአምስት በላይ ላይቆጥሩ ቃል ገቡ።

አክስቴ ፈረመች። አቦይ ግን ብዕሩን ይዘው አመነቱ። «ወደይ፣ ልጄ፣ እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ያንተ ኮት እንኳ ስምንት አዝራር አለው። ምን ብዬ ልትከል?»

ሻምበሉ ወደ ደረቱ አየ፤ ኮቱን የሰፉት እሳቸው ነበሩ። «ጨምርበት» አለኝ። ‹አዝራርን አይመለከትም› ብዬ ጨመርኩ። አቦይ ፈረሙና «የቐንየለይ» ብለው አመስግነው፣ ለመሄድ ሲነሱ የሻምበሉን ኮሌታ አቃኑለት። አህመድም ብርጭቆዎቹን ተረከበ።

የጥቅምት መድኃኔዓለም

ቀኑ ደረሰ። አክስቴ ነጩን ቀሚስ ለብሳ ከማለዳው ቤተ ክርስቲያን ሄደች፤ እኔና አቦይ ተከተልናት። ታቦት ወጣ፣ ታቦት ገባ። ሕዝቡ ሲበተን እሷ ግንቡ ሥር ተቀመጠች። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ በምሥራቅ በኩል ነጭ ደመና ተነሳ፤ እንደ ግድግዳ ሆኖ ጣራዎቹን እየዋጠ መጣ። አክስቴ ቆመች። የማላምነው እኔም ኮፍያዬን አወለቅኩ።

«ሓፍተይ፣» አሉ አቦይ በቀስታ፣ «ይህ የምጽዋ ጉም ነው። በየዓመቱ ይመጣል።»

ጉሙ ደረሰ፤ አረጠበንና አለፈ። አክስቴ እንደ ቆመች ብዙ ቆየች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። አቦይ በዚያ ሰዓት ረታሁሽ አላሏትም። «እኔም ተሳስቼ ይሆናል። ቱርኪን ሁለቴ መቁጠር ነበረብኝ ይሆናል። ነገ እናየዋለን» አሉ።

«ነገ?» አለች። «እንዴ፣ ነገማ... አልጋ የለኝም እኮ።»

ቤት ስንደርስ አልጋው በሩ ላይ ቆሟል። ጎረቤቷ ወይዘሮ ለተብርሃን ከልጆቿ ጋር ተሸክማ አምጥታዋለች፤ «ለኛ ጠበበን» አለች እንጂ ሌላ አልተናገረችም። ባለ ቪላዋ ጣልያናዊት ሬዲዮውን በጨርቅ ጠቅልላ መጣች። ቁም ሳጥኑ በጋሪ ደረሰ። በመጨረሻ አህመድ ትልቁን ፕሪሙስ ይዞ መጣ፤ አልተለኮሰም፣ አቧራ እንኳ አልነካውም።

«ሰጥቼህ ነበር እኮ አህመድ» አለችው።

«ሰጠሁህ ስትይኝ አስቀምጥልኝ ያልሽኝ መሰለኝ እትዬ። በእኛም በኩል ቂያማ አይቀርም፤ ግን ቀኑን አላህ ብቻ ነው የሚያውቀው። እስከዚያ ሻይ ይፈላል።»

አክስቴ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ መጀመሪያ አለቀሰች፣ ቀጥላ ሳቀች። «ይህን ሁሉ ጊዜ ጎረቤት ነበረኝ ማለት ነው» አለች። ደሴ ትሄጂ እንደሆነ ስጠይቃት «ታደሰ ይከራከረኛል?» አለችኝ። ዋሽቼ አላውቅምና ሬዲዮውን ከጨርቁ መፍታት ጀመርኩ።

ደሴ

በመጣሁበት መንገድ፣ ያለ ማር፣ በሦስተኛው ቀን ደሴ ገባሁ። ታደሰ ቢሮው ውስጥ ጠበቀኝ።

«ይዘሃት መጣህ?»

«አልመጣችም። ግን ከአምስት በላይ ላትቆጥር ፈርማለች።»

ነገሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኩት። ሻምበሉ ሻሂውን የጠጣበት ላይ ስደርስ ጠረጴዛውን እየደበደበ ሳቀ። ከዚያ ሳቁ እየቀነሰ ሄደ። ተነስቶ በሩን ዘጋ፤ መስኮቱንም። ቀርቦኝ በሹክሹክታ፣

«ለመሆኑ ሰባተኛው መቼ ይመጣል አሉ?» አለኝ።

«አቦይ ልብስ ሊያሰፋ ሲመጣ አውቀዋለሁ ብለዋል» አልኩት።

ሹመቱን በኅዳር አገኘ። እንኳን ደስ አለህ ልለው ስሄድ ደስታው ግማሽ ነበር፤ አዲሱ ወንበሩ ላይ ጫፍ ጫፉን ነው የተቀመጠው። ከዚያ ጉዞ የተረዳሁት ይህን ነው፤ ዓለም ያልፋል ሲሉት ሹም አሜን ይላል፣ ሹመት ያልፋል ሲሉት ግን በር ይዘጋል። አክስቴ ደግሞ በየወሩ ትጽፍልኛለች። ቀን መቁረጡን ትታዋለች። ከአቦይ ጋር አሁን የሚጣሉት መንግሥተ ሰማያት ሲገባ በምን ቋንቋ እንደሚወራ ነው፤ እሷ በግዕዝ ትላለች፣ እሳቸው በትግርኛ፣ አህመድ በዐረብኛ። ክርክሩ ስላልተቋጨ ማንም ለመሄድ የቸኮለ የለም።