ደጋሚው መሐንዲስ

ከአሰላ ወደ ኦጎልቾ የሚወርደውን መንገድ ስንለካ ከሳምንቱ አምስቱን ቀን የማሳልፈው ቁልቁለቱ ላይ ነበር። የምህንድስና ዲግሪዬን ይዤ ወደ ተወለድሁባት ከተማ ከተመለስሁ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ሥራዬ ከባድ አልነበረም፤ በሦስት እግር ላይ በቆመ መነጽር ወደ ኋላና ወደ ፊት ማየት፣ ከሩቅ በተያዘው ዘንግ ላይ ያለውን ቁጥር ማንበብ፣ መጻፍ፣ መቀነስ። መሬቱ ምን ያህል ዝቅ እንዳለ የሚታወቀው እንዲህ ነው።

አንድ ቀን ጠዋት ከአንድ የድንጋይ ምልክት ተነስተን እስከ ቁልቁለቱ ግርጌ ወረድን፤ በቀትር እየለካን ወደዚያው ምልክት ተመለስን። የወረድነውና የወጣነው እኩል መሆን ነበረበት። በሁለት ሳንቲሜትር ተለያየ።

አለቃዬ ደብተሬን ተመልክቶ፣ «ለመንገድ ይህ ምንም አይደለም፤ ልዩነቱን መሣሪያው ለቆመበት ለየጣቢያው አከፋፍለውና ዝጋው» አለኝ። ትክክል ነበር፤ ደንቡም የሚለው ይህንኑ ነው። አከፋፈልሁት፣ ቁጥሮቹም ተስማሙ። እኔ ግን አልተስማማሁም። በእረፍት ቀኔ ዘንጉን የሚይዝልኝን ጎልማሳ የአርሲ ገበሬ ለምኜ ያንኑ ቁልቁለት እንደገና ለካን። በሚቀጥለው ሳምንትም እንደዚሁ፤ ልዩነቱ ግን አልጠፋም።

«ማል ታኤ? ምን ሆነ ደግሞ?» አለኝ፣ ዘንጉን ትከሻው ላይ እንዳጋደመ። «መሬቱ ባለፈውም እዚሁ ነበረ። ይሄዳል ብለህ ፈራህ እንዴ?»

«መሬቱማ አይሄድም። ብርሃኑ ነው የሚጎብጠው።»

«ታዲያ ማታ ሚስቴ ምን ስትሠራ ዋልህ ስትለኝ፣ ከመሐንዲሱ ጋር የጎበጠ ብርሃን ሳቃና ዋልሁ ልበላት?» ብሎ ሳቀ። ዘንጉን ግን ቀጥ አድርጎ ያዘልኝ።

ስለ ብርሃኑ የነገረኝ አንድ የፊዚክስ መጽሐፍ ነው። ኮሌጅ ሳለሁ ወደ አገሩ ከሚመለስ አስተማሪ ገዛሁት። የመልመጃዎቹ መልስ ያለባቸው የመጨረሻ ገጾች ተገንጥለዋል። ስለዚህ እያንዳንዱን ጥያቄ በሁለት የተለያየ መንገድ እሠራለሁ፤ ሁለቱ ከተስማሙ አልፋለሁ፣ ካልተስማሙ እዚያው እቀመጣለሁ። ብርሃን የጋለ መሬት ላይ ሲያልፍ ለምን እንደሚጎብጥ፣ የዘንጉንም ንባብ እንዴት እንደሚያዛባ የገባኝ እንዲያ ተቀምጬ ነው። በእኛ ቁልቁለት ላይ ምን ያህል እንደሚጎብጥ ግን አላወቅሁም። የአየሩን ሙቀት በየከፍታው የምለካበት መሣሪያ አልነበረኝም፤ የምጠይቀው ሰውም አልነበረም።

በምሳ ሰዓት፣ ጭላሎ ተራራ ደመናውን ለብሶ ሲቀመጥ፣ ገብስ ማሳ ዳር ሆኜ አይቼው የማላውቀውን አንድ ክፍል እናፍቅ ነበር። ጨለም ያለ ነው፤ ረጅም ጠረጴዛ አለው፤ ብርሃን የሚገባው በአንዲት ቀጭን ቀዳዳ ብቻ ነው፤ ለምን ብዬ ስጠይቅ «አከፋፍለው» የማይለኝ ሰውም አለበት። ሰው ያልገባበትን ቤት እንዴት እንደሚናፍቅ አላውቅም። እኔ ግን የበሩ እጀታ በየትኛው በኩል እንደሆነ ሳይቀር አውቅ ነበር።

በመጨረሻ የሠራኋቸውን መልመጃዎች በንጹሕ ወረቀት ገልብጬ ውጭ አገር ላለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ላክሁ። መልሱ ከአምስት ወር በኋላ መጣ።

አባቴ ግንበኛ ናቸው። ተመርቄ ከመጣሁ ወዲህ በስማቸው የሚጠራቸው ሰው ቀርቷል፤ ለከተማው «የመሐንዲሱ አባት» ናቸው። ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ላይ የሚታየውን ነገር ስለማውቅ፣ ደብዳቤውን ለሦስት ቀን ኪሴ ውስጥ ይዤው ዞርሁ። በአራተኛው ቀን ቁጭ ብዬ ተረጎምሁላቸው። ለከፍተኛ የፊዚክስ ትምህርት ተቀብለውኛል፤ ወጪውንም ይችላሉ፤ ነገር ግን ዲግሪዬ በምህንድስና ስለሆነ፣ የመጀመሪያውን ዓመት ገና ካልተመረቁት ተማሪዎች ጋር ደግሜ እማራለሁ።

ደብዳቤው ውስጥ መድገም የሚል ቃል የለም። ቃሉን የጨመርሁት እኔ ነኝ።

«ደግሜ?» አሉ አባቴ።

በእኛ ከተማ ደጋሚ ማለት ፈተና የወደቀ ተማሪ ነው። ላስረዳቸው ሞከርሁ፤ ባስረዳሁ ቁጥር ነገሩ እየከፋ ሄደ።

«የመሐንዲስነቱን ወረቀት ቀሙህ እንዴ?»

«አልቀሙኝም አባባ። እኔ ነኝ የጠየቅሁት።»

ከዚያ በኋላ ስለ ደብዳቤው አላነሱም። ዩኒቨርሲቲው መልሴን የሚጠብቀው ጥቂት ሳምንት ነው፤ አባቴ ሳይመርቁኝ መሄድ ደግሞ አልችልም።

ቀኑ እየተቃረበ ሲመጣ፣ አንድ ቅዳሜ፣ አባቴ የትምህርት ቤት አጥር ወደሚገነቡበት ቦታ ሄድሁ። አብረዋቸው የሚሠሩት ድንጋይ ጠራቢ ሙስሊም ናቸው፤ ከአባቴ ጋር ከወጣትነታቸው ጀምሮ ወዳጆች ናቸው። እኔን ሲያዩ መዶሻቸውን አስቀመጡ።

«የመሐንዲሱ አባት! ልጁን ክፍል አስደገሙት የሚባለው እውነት ነው?»

አባቴ ቀና አላሉም። «አንተ ወሬ ከድንጋይ ውስጥ ነው የምትፈለፍለው? እኔ በየጠዋቱ ዳዊት የምደግመው ወድቄ ነው?»

«ያንተማ የባሰ ነው!» አሉ ጠራቢው። «መቶ ሃምሳውን ትጨርስና ተመልሰህ ከአንድ። ይኸው ስንት ዓመትህ! ሳይገባህ ቀርቶ ነዋ!»

እኔ ሳቅሁ። አባቴ አልሳቁም። ሊያስቀምጡት የነበረውን ድንጋይ በሁለት እጃቸው እንደያዙ ቆዩ።

«አዎ» አሉ ቀስ ብለው። «ሳይገባኝ ቀርቶ ነው።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተስ? ምኑ ነው ያልገባህ?»

«ሁለት ሳንቲሜትር» አልሁ።

ስለ ቁልቁለቱ ነገርኋቸው። እንደ ግንበኛ ነው የሰሙኝ። «ውሃ ልኩ ተሳስቶ ይሆናላ» አሉ።

«አልተሳሳተም። ሁለት ጊዜ ደገምሁት።»

«በሁለት ሳንቲሜትር መንገድ አይበላሽም።»

«አይበላሽም።»

«እንግዲያ የምትሄደው ለመንገዱ አይደለም።»

«አይደለም አባባ።»

ድንጋዩን አስቀመጡት። ወዲያው መልሰው አነሱት፣ ከሥሩ ጥቂት ስሚንቶ ጨመሩ፣ እንደገና አስቀመጡት።

«መልስ የሚፈልጉት መቼ ነው?»

«ዛሬ ፖስታ ካልገባ አይደርስም።»

«ታዲያ እዚህ ቆመህ ምን ትጠብቃለህ?»

«እርስዎን።»

ጠራቢው መዶሻቸውን አንስተው ሥራቸውን ቀጠሉ፤ እንዳልሰሙ ለመምሰል ነው። አባቴ እጃቸውን በሱሪያቸው ጠረጉና ራሴ ላይ ጫኑት። ከበደኝ። የመረቁኝን ቃል እዚህ አልጽፈውም። ሲጨርሱ፣ «ሂድ፣ ድገም» አሉና ወደ ግንባቸው ተመለሱ።

ፖስታ ቤቱ ቅዳሜ የሚሠራው እስከ ስድስት ሰዓት ነው። አምስት ተኩል ሆኗል፤ የጻፍሁት መልስ ኪሴ ውስጥ ነው። ከኮሌጅ ጀምሮ የናፈቅሁት ነገር የአሥር ደቂቃ መንገድ ላይ ነበረ፤ ሃያ ደቂቃ ይተርፈኛል። እኔ ግን መንገዱን ተሻግሬ፣ አባቴ ያንን ረድፍ እስኪጨርሱ ድረስ ቆሜ አየኋቸው።