የማንጁሻ እሳትና የብርቅነሽ እጅ

ብርቅነሽ ከባሏ ይልቅ እጇን ታምናለች። ባሏ ወልደየስ ይህን ያውቃል፤ አይቀየምም። እጇ ሳይለካ ያውቃል፣ ሳይቀምስ ይጨርሳል፤ ዴንቨር አጠገብ፣ ኢስት ኮልፋክስ ጎዳና ላይ ያለውን የሠርግ አዳራሽ ያቆመውም እጇ ነው። በዚያ አዳራሽ ያልተዳረ የኦሮራ ሰው ካለ፣ ወይ ገና አልተወለደም፣ ወይ ቦልደር ሄዶ በድብቅ ተጋብቷል።

በዚያ የዓቢይ ጾም ቅዳሜ ጉድ የሠራትም ይኸው እጇ ነው።

አዳራሹን ከመክፈቷ በፊት እንግልውድ አንድ ሆስፒታል ውስጥ በጽዳት ስትሠራ፣ ማንጁሻ የምትባል ከፑኔ የመጣች ህንዳዊት ላቦራቶሪ ውስጥ ነበረች። ማንጁሻ ሥጋም እንቁላልም አትበላም። ስለዚህ ከብርቅነሽ ምሳ መቋደስ የምትችለው በጾም ቀን ብቻ ነው፤ ለዚህ ስትል የኦርቶዶክስን አጽዋማት እንደ ዲያቆን አጠናቻቸው። ሔርሜላ፣ የብርቅነሽ የገዛ ልጅ፣ ፍልሰታ መግባቱን የምትሰማው ከማንጁሻ ነበር።

አንድ ረቡዕ፣ ሽሮው መሀል፣ ማንጁሻ ክህነት እየተማረች መሆኑን ተናገረች። ፑኔ ያሉ ሴቶች ካህናት ንጋት ላይ በኢንተርኔት ያስተምሯታል።

የብርቅነሽ ጉርሻ አየር ላይ ቀረ። «ቄስ? አንቺ?»

«እኔ።»

«ባልሽ ምን አለ?»

«ሻይ አፍልቶልኝ ተኛ።»

«እኛ ዘንድ ሴት መጋረጃውን አታልፍም።»

«እኛም ዘንድ እንደዚያ የሚሉ ሞልተዋል» አለች ማንጁሻ፣ ሽሮውን እየጠረገች። «ገና ታያቸዋለሽ።»

በዚያ ቅዳሜ፣ አዳራሿ ውስጥ በተደገሰ የህንዶች ሠርግ ላይ አየቻቸው። አጎት ሻራድ ይባላሉ፤ ድልድይ ሲሠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ መሐንዲስ፣ የሙሽራው የአባቱ አጎት። ማንጁሻ እስከዚያ ቀን ቤት ስትባርክና ለሕፃን ስም ስታወጣ ነው የቆየችው፤ ሠርግ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ሙሽሪት «ሴት ካህን ካልሆነች አላገባም» አለች። አጎት ሻራድ በስንት ልመና እሺ አሉ፤ ግን አንድ ስህተት ካዩ ሥርዓቱን ያስቆማሉ፣ የራሳቸው ካህን ደግሞ በስልክ ተዘጋጅተው ይጠብቃሉ። የዴንቨር ህንዶች እኩሌታ ተጠርቷል። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ሥርዓቱ ከተቋረጠባት፣ ማንጁሻን ከእንግዲህ ለውሻ ስም ማውጫ እንኳ የሚጠራት አይኖርም። ይህን ለብርቅነሽ የነገረቻት እየሳቀች ነበር፤ ድምፅዋ ግን አልሳቀም።

የሠርጉ ዕለት ጠዋት ማንጁሻ አንድ የናስ ዕቃ ይዛ ወጥ ቤት ገባች። «ብርቄ፣ ቅቤው መኪና ውስጥ አድሮ ድንጋይ ሆኗል። ሞቅ አድርጊልኝ። ሙሽሮቹ ፊት የሚነደው ቅዱስ እሳት የሚበላው እሱን ነው።»

ብርቅነሽ ምድጃ ላይ ጣደችው። ባንድ ጆሮዋ ወንበር ካዘገየባት አከራይ ጋር በስልክ ትሟገታለች፣ በዓይኗ ምስሩን ትጠብቃለች። እጇ ሥራ ፈቶ ቆመ። አርባ ዓመት ሙሉ ቅቤ እሳት ላይ ባዶውን ሲቀመጥ አይቶ የማያውቅ እጅ ነው፤ ራቁቱን ሰው ያየ ያህል ደነገጠ። አለበሰው።

ሽታው አፍንጫዋ ጋ ሲደርስ ስልኩን ሳትዘጋ አስቀመጠችው።

ማንጁሻ ቢጫ ሐር ሳሪዋን ለብሳ በሩ ላይ ቆማለች። «ብርቄ።»

«እጄ ነው» አለች ብርቅነሽ።

«ምን ገባበት?»

«ኮሰረት። ኮረሪማ። እርድ።»

«ሌላስ?»

ብርቅነሽ ወደ ምስሩ ዞረች። «ነጭ ሽንኩርት። ትንሽ።»

ማንጁሻ የሩዝ ከረጢት ላይ ተቀመጠች። ነጭ ሽንኩርት ወደዚያ እሳት አይቀርብም፤ እነማንጁሻ ዘንድ ይህን ሕፃንም ያውቀዋል።

«ማን አየ?» አለች ብርቅነሽ ቶሎ ብላ። «አጠልለዋለሁ። ከሸተተም ከወጥ ቤት ነው እንላለን፤ እኔ እምላለሁ።»

«እኔ አይቻለሁ።»

አጎት ሻራድ በዚህ መሀል ደረሱ፤ አፍንጫቸው ቀድሞ፣ እሳቸው ተከትለው። «የምን ሽታ ነው?»

ብርቅነሽ የሐሰት መሐላዋን አዘጋጅታ አፏን ስትከፍት ማንጁሻ ቀደመቻት። «ቅቤው ቅመም ገብቶበታል። ለእሳቱ አይሆንም።»

ሽማግሌው ስልካቸውን አውጥተው ለካህናቸው በቪዲዮ ደወሉ። ሁሉም ምስክር እንዲሆን በእንግሊዝኛ፣ የስልኩንም ድምፅ ከፍ አድርገው አስረዱ፤ ድልድይ የወደቀ ይመስል ነበር። መኪና ውስጥ የተቀመጡት ካህን ከስልኩ ላይ አዩአቸው።

«እሳቱ ተለኩሷል?»

«አልተለኮሰም።»

«እዚያ ያለችው ካህን ምን አለች?»

«የምጠይቀው እርስዎን ነው።»

«እኔ የሌላ ሰው ሠርግ ፓርኪንግ ውስጥ ነኝ፣ አቶ ሻራድ። እሳቱ ፊት የምትቀመጠውን ይጠይቋት» ብለው ዘጉ።

አጎት ሻራድ ወደ ማንጁሻ ዞሩ፤ አልጠየቁም፣ ግን ጠበቁ።

ማንጁሻ ከከረጢቱ ተነሣች። «ሰዓት የተቆረጠው በሙሽሮቹ መሀል ለሚዘረጋው መጋረጃ ነው። በሰዓቱ ይነሣል፣ አበባ ይለዋወጣሉ። እሳቱ ንጹሕ ቅቤ እስኪመጣ አይለኮስም። እንቆያለን።»

«ሦስት መቶ እንግዳ ይቆያል?»

«እርስዎም ጭምር።»

«ስህተት ማለት ይኸው አይደል?»

«ስህተት የሚሆነው አውቄ ባፈስሰው ነው። ማስቆም ከፈለጉ አሁን ያስቁሙኝ፤ ከጀመርኩ በኋላ ግን አይሆንም።»

ሽማግሌው ስልካቸውን ኪሳቸው ከተቱ፤ አስቆማለሁም አላስቆምም አላሉም።

ወልደየስ ወደ ሱፐርማርኬት ተወነጨፈ። ወዲያው ደወለ። «ጨው ያለው ነው የሌለው?»

«ጨው ያለው ከገዛህ እዚያው እደር።»

በአዳራሹ ሁለት ሰዎች ነጭ ጨርቅ በሙሽሮቹ መሀል ዘርግተው ያዙ። ብርቅነሽ ከወጥ ቤቱ በር ሆና ሰማች፤ የማንጁሻ ድምፅ አንዴ ተሰናክሎ ተነሣ፣ ከዚያ ቀጥ ብሎ ሄደ። በምልክቷ መጋረጃው ተነሣ። ብርቅነሽ በየበዓሉ ለደብሯ ሰው ሁሉ ዝክር ስታዘጋጅ ኖራለች፤ ከመቅደሱ መጋረጃ ወዲያ ምን እንዳለ ግን አታውቅም። ይቺ ምሳ ተካፋይዋ ያንን ጨርቅ አንሡ ብላ ታዛለች።

ሙሽሮቹ አበባ ተለዋወጡ። ከዚያ ሰው ሰዓቱን ማየት፣ አንዳንዱም የመኪና ቁልፉን ማቃጨል ጀመረ። አዲሱ ቅቤ ምድጃ ላይ ነው። አጎት ሻራድ ወንበር ይዘው መጡና ብርቅነሽ አጠገብ ተቀመጡ።

«እጅሽን ልጠብቅ ነው።»

«ይጠብቁት፤ እኔም አላመንኩት።»

ቅቤው አረፋ አወጣ። የብርቅነሽ እጅ ወደ ቅመም መደርደሪያው ተነሣ። ሽማግሌው አሳሉ። ወረደ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ተነሣ፤ ደግሞ አሳሉ። በመጨረሻ ሽርጧ ኪስ ውስጥ አሠረችው።

«የመጀመሪያውን ምን ታደርጊዋለሽ?»

«ከፋሲካ በኋላ ወጥ ይሠራበታል። ይወስዳሉ?»

«ነጭ ሽንኩርት አልበላም» አሉ። ዕቃውን ግን አሸተቱት፤ ከሚገባው በላይ ቆዩበት።

ቅቤው ጠራ። አጎት ሻራድ የናሱን ዕቃ በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ አዳራሹ ወጡ፤ ብርቅነሽ ተከትላ በሩ ላይ ቆመች። ሦስት መቶ ሰው አያቸው። አሁን ይናገራሉ፣ አሁን ያስቆማሉ ብሎ ሁሉም ትንፋሹን ያዘ። ማንጁሻ አቀርቅራ እንጨቱን ትደረድራለች።

ሽማግሌው ፊቷ ደርሰው ቆሙ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«የት ልቀመጥ?» አሉ።

ማንጁሻ ቀና አለችና ወደ እግራቸው አየች። የሰው ስህተት ሲለቅሙ የዋሉት አጎት ሻራድ ከወጥ ቤት እንደወጡ እሳቱ ዘንድ የደረሱት በጫማቸው ነው።

«ከሙሽራው በስተግራ» አለች ቀስ ብላ። «መጀመሪያ ጫማዎን ያውልቁ።»

ዕቃውን አስረከቧትና ለማውለቅ ጎንበስ አሉ።

እሳቱ ያዘ። ማንጁሻ በማንኪያ ስታፈስበት ቅቤ ብቻ ሸተተ። ብርቅነሽን ጣቶቿን በላት፤ እጇን ከሽርጧ ኪስ አላወጣችም።