ጋሼ በሲባጎ የሠራው ቤት

ስለ ታላቅ ወንድማችን ስለ ጋሼ ብዙ መጻፍ አልቻልኩም። ከገለምሶ በመጣ ቁጥር ጭሮ ያለችው ትንሽ ቦታችን ላይ ችካል ተክሎ፣ ሲባጎ ወጥሮ የእናታችንን ክፍል ያሳየን ነበር። ሲባጎውን ከተሻገርን ይቆጣል።

«በበሩ ግቡ፤ ግድግዳ ነው።»

እህቴ ትስቅበታለች። «ጋሼ፣ የሚያዋጣን ሱቅ ነው። እማዬ እኔ ጋ ትኑር።»

«እማዬ የራሷ ደጅ ያስፈልጋታል» ይላታል።

ሳንስማማ ሞተ። የለቅሶው ድንኳን የተተከለው እዚያው ቦታ ላይ ነበር። ድንኳኑ ሲነሳ እህቴ እያለቀሰች፣ «እሱ እንዳለው የእማዬን ክፍል እንሥራ» አለች። እኔም ተስማማሁ።

እናታችን ግን ባዶውን ቦታ ስታይ ቆይታ፣ «ሱቁን ሥሩት ልጆቼ» አለችን። «እኔ ክፍሉን የፈለግኩት እሱ ሲመጣ የሚያርፍበት እንዲኖረው ነበር።»