ነገሌ የሚባለው ቅጣት

አዲስ አበባ፣ ጎህ ሲቀድ

ላንድሮቨሩ ከመሥሪያ ቤታችን ግቢ ሲወጣ ዘበኛው ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ። "አይዟችሁ፣ ሁሉም ያልፋል" አለን። አስከሬን የሚሸኝ ይመስል ነበር። እኔ የምሄደው ወደ ትውልድ ከተማዬ፣ ወደ እናቴ ቤት ነው።

ጊዜው የሰባዎቹ አጋማሽ ነው። ነገሌ ቦረና ሁለተኛ ደረጃ ጨርሼ፣ አዲስ አበባ አጭር የሙያ ኮርስ ወስጄ፣ በአንድ ዋና መሥሪያ ቤት በላቦራቶሪ ሠራተኛነት ተቀጥሬ ነበር። በዋና ከተማው የወጣት ሠራተኛ ኑሮ ምን ይመስል እንደነበር ለማያውቅ ልንገር። ሦስት ሴቶች ሆነን ጉለሌ አንዲት የቀበሌ ክፍል ነበረችን። አንዷ ስትለብስ ሁለቱ አልጋ ላይ መውጣት አለባቸው። ጠዋት የአውቶቡስ ሰልፍ ነው፤ በምሳ ሰዓት የስኳርና የሳሙና ሰልፍ፤ እሑድ ጠዋት ስብሰባ። እኔ ያደግሁት ጸሎት ቤት በሚሄዱ ሰዎች መካከል ስለሆነ እሑድ ከቀበሌው ጋር ሁልጊዜ ታጣላኝ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት ግን የራሳችን ነበረች። ፀጉራችንን ተሠርተን ፒያሳ እንወርዳለን፤ አንድ ኬክ ለሁለት እንካፈላለን። ከተማዋን አልጠላኋትም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ከጥላቻ የተናገርኩ እንዳይመስል ነው።

ሥራዬ ከየክፍለ ሀገሩ የሚመጣውን የደም ናሙና በማይክሮስኮፕ ማየት ነበር። ከነገሌ የተላከው፣ ደም የተቀባበት የመስታወት ስላይድ እኛ ዘንድ እስኪደርስ ሳምንታት ያልፋሉ። "ወባ አለበት" ብለን የጻፍንለት ሰው መልሳችን ሲደርሰው ወይ ድኗል ወይ ተቀብሯል። ከስሞቹ አንዳንዶቹን አውቃቸው ነበር፤ የጎረቤቶቻችን ልጆች ናቸው። ነገሌ ላይ ማይክሮስኮፕ ጠፍቶ አይደለም። የሚያይበት ሰው ስላልነበረ ከነሳጥኑ ተቀምጦ ነበር።

ስለዚህ ዝውውር ጠየቅሁ። ተከለከልኩ። ደግሜ ጠየቅሁ። የክፍል ኃላፊያችን ከእግር እስከ ራሴ አየኝና፣

"ነገሌ በፈቃዱ የሚሄድ ሰው አይቼ አላውቅም" አለ። "ምንድን ነው? ኬንያ ለመሻገር ነው?"

ለዚህ ሰው ነገሌ ማስፈራሪያ ነበረች። ያረፈደ ሠራተኛ፣ በስብሰባ ላይ ያንቀላፋ፣ ሁሉም "ነገሌ እልክሃለሁ!" ይባላል። አንድ ሰኞ በውይይት ሰዓት አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ልጇ ታሞ በማርፈዷ በዚሁ ሲያስፈራራት ከመቀመጫዬ ተነሣሁ። መናገር አልወድም፤ ያን ቀን ግን ተናገርኩ።

"ጓድ፣ ነገሌ ሰው ይኖርበታል። እኔም የተወለድኩት እዚያ ነው። ቅጣት አይደለም።"

እሱ ፈገግ አለ።

"እንግዲያው ሄደሽ አረጋግጪልን።"

በልመና የከለከለኝን በቁጣ ሰጠኝ።

አብሮኝ የተቀጣው ዳንኤል ነው። የመድኃኒት ክፍል ባልደረባዬ ሲሆን የአራት ኪሎ ልጅ ነው። ጥፋቱ በውይይት ክበብ መካከል መሳቁ ነበር። የተመደበው ሜጋ ነው። መኪናው እሱን ሜጋ አድርሶ፣ በአሬሮ በኩል እኔን ነገሌ ሊያደርስ ታዘዘ። ዳንኤል ለዚህ ሁሉ አቧራ ያማረ ሱፉን ለብሶ መጣ።

ሀገረ ማርያም፣ በማግስቱ ረፋድ

ዲላ አድረን ዳገቱን ስንወጣ ዝናብ ያዘን። ሀገረ ማርያም፣ ዛሬ ቡሌ ሆራ የምትባለው፣ ቡና በጫኑ መኪኖች ተጨናንቃለች። መንገዱ ዳር የተሰጣውን ቡና ሴቶች ከዝናቡ ለማዳን እየተሯሯጡ ይሰበስባሉ። ሻይ ቤቱ ጠባብ ነው፤ ዳቦው ትኩስ፣ ሻዩ ቀረፋ የበዛበት።

ዳንኤል ከአዲስ አበባ ጀምሮ የተወውን ሲቆጥር ነው የመጣው። የማታ ትምህርቱ፣ የሲኒማ ቤቱ ወንበር፣ የፒያሳው ማኪያቶ፣ የሚያውቀው ልብስ ሰፊ።

"እዚያ አገር ማታ ማታ ምን ይሠራል?" አለ።

ሾፌራችን ጋሽ ጉዮ የያቤሎ ሰው ናቸው። ሻያቸውን ፉት ብለው፣ "ይተኛል" አሉ። "አዲስ አበባ አይተኛም እንዴ?"

ሳቅሁ። ከዲላ ወዲህ መሳቅ አብዝቼ እንደነበር አውቃለሁ። ከጋሽ ጉዮ ጋር ኦሮምኛ እያወራን፣ ሳላስበው አንድ የልጅነት መዝሙር እያንጎራጎርኩ ነበር።

"ላንቺማ ሠርግ ነው" አለ ዳንኤል። "ቅጣቱ የእኔ ብቻ ሆነ።"

"ሜጋም የሰው አገር ነው" አልኩት።

"አንቺ ነገሌ ገብተሽ የእናትሽን ምግብ ትበያለሽ። እኔ ጅብ በሚጮህበት እተኛለሁ። እኩል ነው?"

ተነሥቶ ኮቱን አስተካከለ። "ስልክ ቤት ደርሼ ልምጣ፤ እማዬ ታስባለች" ብሎ በጭቃው ላይ እየተጠነቀቀ ሄደ። ሲመለስ የተወውን መቁጠር አቁሞ ነበር። እስከ ያቤሎ ድረስ በመስኮት ውጭ ውጭውን ሲያይ ነበር።

ያቤሎ፣ ኬላው ላይ

ከሀገረ ማርያም ቁልቁል ሲወረድ አገሩ ይለወጣል። ጭጋጉና እንሰቱ ይቀሩና ቀይ አፈር፣ ግራር፣ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ኩይሳ ይመጣል። ሙቀቱ በመስኮት ሲገባ ዓይኔን ጨፈንኩ። ይህን ሽታ አዲስ አበባ ሆኜ ስንት ጊዜ ፈልጌዋለሁ።

ኬላው ላይ አንድ ወጣት ወታደር ወረቀታችንን ተቀበለ።

"ወዴት?"

"እሱ ሜጋ፣ እኔ ነገሌ።"

"ከአዲስ አበባ?" ጠጋ ብሎ ፊታችንን አየ። "ምን አጥፍታችሁ?"

በደመወዝ፣ በዕድገት፣ በሙያ ልንመጣ እንችላለን ብሎ አላሰበም። ወታደር ይሁን እንጂ እሱም በዚያው አነጋገር ያደገ ነው። ጋሽ ጉዮ መሪውን ይዘው፣ "እኔ እዚህ ተወለድኩ" አሉት። "እኔስ ምን አጥፍቼ ይሆን?"

ወታደሩ ሳቀና የኬላውን እንጨት አነሣ። እኔ አልሳቅሁም። አንድ ሰው ቤቱን የሚነቅፍበትን እንግዳ መቀለጃ ካላደረገ በቀር መልስ እንደማይኖረው ገባኝ፤ ይህም አናደደኝ። መጥፎ ሠራተኛ ሁሉ ወደ እኛ ይላካል። የተላከው ሰው ሻንጣውን ሳይፈታ የሕክምና ማስረጃ ያወጣል፤ ክረምት ሳይገባ ይመለሳል። ከዚያ "ቆላው ሰው አይበረክትለትም" ተብሎ ይጻፍብናል። ለመሥራት የፈለገው ደግሞ ይጠረጠራል።

መንገድ ዳር ጋሽ ጉዮ የሚያውቋት አንዲት የቦረና ሴት ወተት አመጣችልን። ከጋሽ ጉዮ ጋር "ናጋ? ናጋ" እየተባባሉ የሰውን፣ የከብቱን፣ የዝናቡን ሰላም ተጠያየቁ። እቃው በጭስ የታጠነ ስለሆነ ወተቱ የእንጨት ጣዕም አለው። ዳንኤል አሽትቶ መለሰው። እኔ የእሱንም ጠጣሁ።

ሜጋ፣ ከሰዓት በኋላ

ዱብሉቅ ላይ ከጉድጓዱ ውኃ የሚቀዱት ሰዎች ዜማ እስከ መንገዱ ይሰማ ነበር። ከዚያ ወዲያ ተራራው ብቅ አለ፤ ሜጋ ነፋሱ የማያርፍባት፣ በአውራ ጎዳናው ግራና ቀኝ የተደረደረች የሱቆችና የሆቴሎች ከተማ ነች። ክሊኒኩ የቆርቆሮ ክዳን ያለው አነስተኛ ቤት ነው። የሚመሩት ድሬሰር አቶ ዋሪዮ ወጥተው ሻንጣ ሲያወርዱ የዳንኤልን ሳይሆን የእኔን ያዙ።

"ጋሼ፣ እሱ የኔ ነው፤ እኔ ወደ ነገሌ ነኝ" አልኳቸው።

አቶ ዋሪዮ ሻንጣውን መሬት አላስነኩም፤ እንደያዙ ቆሙ።

"ልጄ፣ ስልክ መጥቶ ነበር። ምድባችሁ ተቀያይሯል። አንቺ እዚህ፣ እሱ ነገሌ።"

"ለምን?"

"ከሀገረ ማርያም ሰው ደውሎ 'ልጅቷ እየዘፈነች ወደ እናቷ ቤት እየሄደች ነው' ብሏል አሉ። እንዲህ ያለ ቅጣት የለም ተባለ።"

ወደ ዳንኤል ዞርኩ። የሱፉን አቧራ ያራግፍ ነበር፤ ማራገፉን አላቆመም።

አቶ ዋሪዮ ስልክ ቤት ወሰዱኝ። የአዲስ አበባው የክፍል ኃላፊ በመስመሩ ላይ እየጠበቀኝ ነበር። መስመሩ ይንሿሿል፤ ድምፁ ግን ደስ ያለው ሰው ድምፅ ነው።

"ጓድ ራሔል፣ ሜጋ እንዴት ነው?"

"ደህና ነው።"

"በመንግሥት መኪና እናትሽ ቤት ልናደርስሽ ነበር እኮ! እንዲህ ነው የምትቀልጂብን?"

"ነገሌ ማይክሮስኮፕ አለ፤ የሚያይበት የለም" አልኩት። "ዳንኤል መድኃኒት ነው የሚያውቀው። ሰው እየሞተ ነው።"

"መፍትሔ አለው። ግለ ሂስ ታቀርቢያለሽ። 'ነገሌ ቅጣት አይደለም ያልኩት ከትዕቢት የመጣ ስሕተት ነው' ትያለሽ፤ እኔ እጽፈዋለሁ፣ ሰኞ በውይይቱ ላይ ይነበባል። ወዲያው ነገሌ ትገቢያለሽ።"

ግለ ሂስ ምን እንደሆነ የዘመኑ ሰው ያውቀዋል። ተነሥቶ ራስን መስደብ ነው፤ ራሱን የሰደበ ምሕረት ያገኛል። ጓደኞቼ በየሳምንቱ ያደርጉት ነበር፤ እንደ ጉንፋን አልፎ ይሄድላቸዋል። አንድ ቃል ብዬ እናቴ ቤት መግባት እችል ነበር። ሳጥኑን ከፍቼ ማይክሮስኮፑን ማውጣት እችል ነበር። ያንን ቃል አፌ ውስጥ አዙሬ አየሁት። የጽዳት ሠራተኛዋ በክፍሉ ጥግ ተቀምጣ ሲነበብ ትሰማዋለች።

"ጓድ" አልኩ፣ "ነገሌ ቅጣት ከሆነ ለምን በሽልማት ትሰጡኛላችሁ? ሽልማት ከሆነ ደግሞ ምን ተሳሳትኩ?"

"እዚያው ተቀመጪ" አለና ዘጋው።

ኬንያ እንዳልሻገር ብሎ ነገሌን የከለከለኝ ሰው፣ ከነገሌ ይልቅ ለድንበሩ የቀረበች ከተማ አስቀመጠኝ። ከክሊኒኩ ጓሮ ሆኜ ወደ ሞያሌ የሚወርዱትን መኪኖች እቆጥር ነበር። ይህን የሚያስተውል አንድ ሰው በዚያ ሁሉ ቢሮ አልነበረም። ዛሬ አሮጊት ሆኜ ይህን ስጽፍ የሚያበሳጨኝ ጭካኔያቸው ብቻ አይደለም፤ ካርታ እንኳ አለማየታቸው ነው።

ሜጋ፣ ጠዋት

አቶ ዋሪዮ ከቁም ሣጥን ውስጥ አንድ አሮጌ ማይክሮስኮፕ አወጡልኝ። በመብራት ሳይሆን በመስተዋት የፀሐይ ብርሃን ተቀብሎ የሚሠራ ዓይነት ነው። ሌንሱን ጠረግሁት። ያሳያል።

ጋሽ ጉዮ መኪናውን እያሞቁ ነበር። ዳንኤልን ጠራሁት። መጣና በር ላይ ቆመ።

"ራሔል፣ እንዲህ ይሆናል ብዬ አይደለም" አለ። "ያንቺን ካዩ የእኔንም መልሰው ያዩልኛል፣ ምናልባት አዲስ አበባ ይመልሱኛል ብዬ ነው።"

"እጅህን ስጠኝ።"

"ምን?"

"እጅህን።"

ጣቱን በአልኮል ጠርጌ በመርፌ ወጋሁት። ጮኸ። "ያ ረቢ!" አሉ ጋሽ ጉዮ ከመኪናው ሆነው፤ "ለጠብታ ደም?"

ደሙን ስላይዱ ላይ አንጠብጥቤ፣ በሌላ ስላይድ ጠርዝ እንዴት በስሱ እንደሚገፋ አሳየሁት። "ወፍራም ከሆነ አይነበብም። በጥላ አድርቀው፤ ዝንብ አታስነካው። ትኩሳት ያለውን ሁሉ ወስደህ፣ በአሬሮ በኩል በሚመጣ መኪና ሁሉ ወደኔ ላክ። አዲስ አበባ አትላክ።"

ራሱ እንዲሠራ አደረግሁት። የመጀመሪያው ተበላሸ፤ የሚቀጥለውም። ጣቶቹን አፈራረቅን። በመጨረሻ አንድ ደህና ቅብ ወጣለት። አቶ ዋሪዮ ሳቃቸውን በእጃቸው ሸፍነው ወደ ውስጥ ገቡ።

ጋሽ ጉዮ ጡሩምባ ነፉ። ዳንኤል ጣቶቹን በመሀረብ ጠቅልሎ ወደ መኪናው ሄደ። እኔም ተከተልኩት።

"የት ነው የማድረው?" አለ።

"እናቴ ቤት። ጸሎት ቤቱን ስታልፍ ያለው ሰማያዊ በር ነው፤ ጋሽ ጉዮ ያውቁታል። ሌላ ቦታ ብታድር ትቀየማለች።"

"እሷ እኮ አንቺን ነው የምትጠብቀው።"

"አዎ።"

ወደ መቀመጫው ወጣ። በሩን ግን አልዘጋውም።

"ምን ልበላት?"

እናቴ እንግዳ ሳይበላ ወሬ አትጠይቅም። የመጣው ሰው እጁን ይታጠባል፣ ይበላል፣ ወተት ይጠጣል፤ ከዚያ በኋላ ፊት ለፊቱ ተቀምጣ የመንገዱን ሁሉ፣ ከመነሻው ጀምሮ፣ ትጠይቀዋለች። ይህን ለዳንኤል አልነገርኩትም።

"መጀመሪያ ብላ" አልኩት። "ከዚያ የሆነውን ንገራት።"

በሩን እኔ ዘጋሁለት።