ፎቶ ከሌለ ዳይፐር የለም

አሁንም ሳስታውሰው ደሜ ይፈላል። እዚህ ጅቡቲ፣ በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ፣ በየወሩ ለተቸገሩ እናቶች የሕፃናት ዳይፐር እናድላለን። ባለፈው ሐምሌ የኮሚቴያችን ሰብሳቢ ጋሽ ተፈራ አዲስ ደንብ አመጡ። ዳይፐር የምትወስድ እናት ሁሉ እሽጉን ታቅፋ ፎቶ ትነሳለች፤ ፎቶውም ፌስቡክ ላይ ይወጣል።

ተራው ወደ የመን ልትሻገር መጥታ እዚሁ የወለደች አንዲት ልጅ እግር እናት ጋ ደረሰ።

«ጋሼ፣ እኔን ፎቶ አያንሱኝ» አለች ቀስ ብላ። «አገር ቤት ያለችው እናቴ መውለዴን አታውቅም።»

«ፎቶ ከሌለ ዳይፐር የለም» አሉ ስልካቸውን እንደደገኑ። «መውለድ ካላሳፈረሽ ፎቶ ምን ያሳፍርሻል?»

እሽጉን አንስቼ ልሰጣት ስል ጋሽ ተፈራ እጄን ያዙኝ።

«ይሄ ምጽዋት ነው ወይስ ማስታወቂያ?» አልኳቸው።

«አንቺ ዝም በይ» አሉኝ። የአባቴ እኩያ ባይሆኑ ኖሮ ምን እናገር እንደነበር እኔም አላውቅም።

ይሄኔ ልጅቷ «እሺ፣ እነሳለሁ» አለች። «ነጠላዬን እስካስተካክል ይያዙልኝ» ብላም ሕፃኑን አቀበለቻቸው። ጋሽ ተፈራ ስልካቸውን ኪሳቸው ከተው ታቀፉት። ሕፃኑ የተጠቀለለው በስስ ጨርቅ ብቻ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ነጭ ሸሚዛቸው ከደረታቸው እስከ ቀበቶአቸው ራሰ።

ሕፃኑን ከሰውነታቸው አርቀው ይዘው ወደ እኔ ዞሩ።

«ምን ቆመሽ ታያለሽ?» አሉኝ። «ቶሎ ዳይፐር ስጪያት እንጂ።»